የማኅፀን በር ካንሰርን ቀድሞ የሚያውቀው ቤተ ሙከራ

ሪያድ፦ የማኅፀን በር ካንሰር በአንድ ጀምበር አይመጣም። መነሻው ለዓመታት በሴሎች ውስጥ ተደብቆ ሊቆይ የሚችለው ሂዩማን ፓፒሎማ ቫይረስ ነው። ከ200 ከሚበልጡት የቫይረሱ ዓይነቶች ለካንሰር የሚዳርጉት 14 ያህል ሲሆኑ፣ በዓለም ላይ ከሚከሰተው የማኅፀን በር ካንሰር 70 በመቶው ገደማ ከ16ኛውና ከ18ኛው ዓይነት ጋር የተያያዘ ነው። ስለዚህም ሐኪሙ የቫይረሱን መኖር ብቻ ሳይሆን ዓይነቱንም ማወቅ ይሻል።

በሪያድ የሚገኘው የንጉሥ ፈይሰል ስፔሻሊስት ሆስፒታልና የምርምር ማዕከል ተመራማሪዎች ይህንኑ ጥያቄ አንሥተው፣ እ.ኤ.አ. በ2011 ጥናት አሳትመዋል። በሽታው ከያዛቸው 100 ሴቶች ናሙና በ89ኙ ቫይረሱ ተገኝቷል፤ 16ኛው ዓይነት ቀዳሚ ነበር።

የምርመራው ሂደት እንዲህ ነው። በመጀመሪያ ከናሙናው ዲኤንኤ ይነጠላል። ቀጥሎም ኤል1 የተባለው የቫይረሱ ዘረመል ክፍል፣ ፒሲአር በሚባለው ስልት በሚሊዮኖች ይባዛል። የተባዛው ዲኤንኤ የየዓይነቱ መለያ በመስመር በተደረደረበት ስስ ሽፋን ላይ ሲፈስስ፣ ከአምሳያው ጋር ብቻ ይጣበቃል፤ ምልክት የሰጠው መስመር ዓይነቱን ያሳውቃል። በአንድ ዓይነት ውስጥ ያሉትን ጥቃቅን ልዩነቶች ለመለየት ግን የዘረመሉን ፊደላት በቅደም ተከተል ማንበብ ያስፈልጋል። 16ኛው ዓይነት ኤ፣ ቢ፣ ሲ እና ዲ የተባሉ አራት የዘር ሐረጎች እንዳሉት፣ ቢ እና ሲ በአፍሪካ በብዛት እንደሚገኙ የታወቀው በዚህ መንገድ ነው። ይህ ንባብ ይበልጥ የሚያገለግለው ተመራማሪዎችን ነው፤ ለታካሚዋ ዓይነቱን ማወቅ ይበቃል።

ቫይረሱ ተገኘ ማለት ካንሰር አለ ማለት አይደለም፤ አብዛኛውን ጊዜ ሰውነት በሁለት ዓመት ውስጥ ራሱ ያስወግደዋል። ከብዙ ዓመታት በፊት የገባ ቫይረስም ሳይታወቅ ሊቆይ ስለሚችል፣ ውጤቱ በባልና በሚስት መካከል የጥርጣሬ ማስረጃ ሊሆን አይገባም።

ብዙ እናቶችንና እኅቶችን ከምርመራ የሚያርቃቸው ሐያእ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው መመሪያ፣ ሴቶች ከ30 ዓመታቸው ጀምሮ በየ5 እስከ 10 ዓመቱ በዲኤንኤ ዘዴ እንዲመረመሩ ይመክራል፤ ናሙናውንም ሴቲቱ ራሷ ልትወስድ ትችላለች። እንግዲህ ሐያእን መጠበቅና ሸሪዓ አደራ ያለውን ነፍስ መጠበቅ የሚጋጩ አይደሉም።