ቀላልና ጥሩ ሮለር እንዴት ይመረጣል?

ልጅዎን ዓሣ ማጥመድ አማረው? እንግዲያው ገንዘብ ከማውጣትዎ በፊት ይህችን ያንብቡ።

በአሽዶድ ወይም በኔታንያ ባሕር ዳር በሰው ሠራሽ ዓሣ የሚያጠምድ ሰው ቁጭ ብሎ አይጠብቅም። ይወረውራል፣ ይጠቀልላል፣ እንደገና ይወረውራል፤ በአንድ ጠዋት መቶ ጊዜና ከዚያም በላይ። የክር መጠቅለያው፣ ማለት ሮለሩ፣ ከከበደ ዓሣው ሳይመጣ እጅ ይዝላል። ልጁም ሀካውን ጥሎ ወደ ስልኩ ይመለሳል።

ሱቅ ሲገቡ መጀመሪያ መጠኑን ይዩ። 2500 የሚል ቁጥር ያለው ለጀማሪ ይበቃል፤ ክብደቱ ከ250 ግራም ባይበልጥ ጥሩ ነው። ሀካውን ይዘው ይሂዱና ገጥመው ልጁ ራሱ ይያዘው። በጣም ወደ ፊት ከደፋው አይስማማውም።

«ኩሽኔታው ብዙ ነው» ቢሉዎት አይቸኩሉ፤ ጥቂት ጥሩ ኩሽኔታ ከብዙ ርካሽ ይሻላል። እጀታውን ቀስ ብለው ያዙሩት። ከተንገጫገጨ ይተዉት። ከዚያ ፍሬኑን ላላ አድርገው ክሩን ይሳቡ፤ ሳይቆራረጥ በእኩል ኃይል መልቀቅ አለበት። ትልቅ ዓሣ ሲጎትት ክሩን ከመበጠስ የሚያድነው ይኸው ፍሬን ነው።

የባሕር ጨው ግን ውዱንም ርካሹንም ይበላል። ቤት ሲገቡ ፍሬኑን አጥብቀው በንጹሕ ውኃ በቀስታ ያለቅልቁት፤ ውኃ ውስጥ አይንከሩት። ሲደርቅ ፍሬኑን አላልተው ያስቀምጡ። ይህን ሥራ ለልጅዎ ይስጡት፤ ዕቃውን መጠበቅ ከአሁኑ ይልመድ።