ለሠርግ የወጣ እንዲመለስ

ታኅሣሥ 20 ቀን 2017 ዓ.ም፣ እሑድ፣ በሲዳማ ክልል ቦና ዙሪያ ወረዳ ሠርገኞችን ያሳፈረ አይሱዙ የጭነት መኪና ድልድዩን ስቶ ወንዝ ውስጥ ገባ። 71 ሰዎች ሞቱ፤ 68ቱ ወንዶች፣ 3ቱ ሴቶች። ከአንድ ቤት ብዙ ሰው ያጣ ቤተሰብም ነበር። ኀዘኑ ሳይበርድ ጥር ገባ፣ ጥር ደግሞ የሠርግ ወር ነው።

በገጠር ለሠርግ፣ ለለቅሶ፣ ለገበያና ለንግሥ በጭነት መኪና ላይ መውጣት የተለመደ ነው። ሰዉ አደጋውን ሳያውቅ ቀርቶ አይደለም። ሚኒባስ የጠጠሩን መንገድ አይደፍርም፤ ቢደፍርም ዋጋው አይቀመስም። የአይሱዙው ባለቤት ግን ዘመድ ወይም ጎረቤት ነው፣ መኪናውም ደጅ ላይ ቆሟል። ችግሩ የሚጀምረው ከመኪናው አሠራር ነው። የእህል ጆንያ ወለሉ ላይ ተደርድሮ ይታሰራል፣ ክብደቱም ዝቅ ብሎ ይቀመጣል። ሠርገኛ ግን ይቆማል፣ ይጨፍራል፣ ኩርባ ሲመጣ ሁሉም በአንድ ጊዜ ወደ አንድ ወገን ያዘነብላል። ክብደቱ ከፍ ብሎ ስለሚያርፍ መኪናው ለመገልበጥ ትንሽ ነገር ይበቃዋል። ከተገለበጠ ደግሞ ጣሪያ የለ፣ መቀመጫ የለ፣ ቀበቶ የለ። አንድ መኪና በአንድ ጊዜ ይህን ያህል ሰው የሚጨርሰው ለዚህ ነው።

ከተማም ከዚህ አይሻልም። ቅዳሜና እሑድ አዲስ አበባ ላይ የሙሽራ አጀብ ያየ ሰው ያውቀዋል፤ ቪዲዮ ቀራጩ የፊተኛዋ መኪና የኋላ በር ተከፍቶለት፣ እግሩን ወደ አስፋልቱ አንጠልጥሎ ሙሽሮቹን ይቀርጻል። ሚዜዎቹ ወገባቸው ድረስ በመስኮት ወጥተዋል። ክላክሱ ይጮኻል። አጀቡ እንዳይቆረጥ ሲባል ቀይ መብራት ይጣሳል። መንገደኛውም በእልልታ ያሳልፋቸዋል እንጂ ማንም አይቆጣቸውም።

የዓለም ጤና ድርጅት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2018 ባወጣው ሪፖርት በኢትዮጵያ በ2016 በትራፊክ አደጋ የሞቱት ተብለው የተመዘገቡት 4,352 ሰዎች ነበሩ። ድርጅቱ ራሱ የገመተው ግን 27,326 ነው። ልዩነቱ ብዙ ይናገራል። ከሳምንት በኋላ ሆስፒታል ያረፈ፣ ወይም ቤቱ ተወስዶ የሞተ ሰው ከፖሊስ መዝገብ በቀላሉ ይወድቃል። ግምቱ ለዓመቱ ቀናት ሲካፈል በቀን 75 ያህል ሰው ይሆናል። ቦና ላይ ካለቁት የሚበልጥ ሰው በየቀኑ፣ ተበታትኖ፣ ያለ ዜና በዚያ ዓመት ይሞት ነበር ማለት ነው።

ከአደጋ ዋና ዋና መንስኤዎች አንዱ ፍጥነት ነው። በዚሁ ድርጅት መረጃ መሠረት አማካይ ፍጥነት በ1 በመቶ ሲጨምር ሰው የሚገድል አደጋ የመድረስ ዕድል በ4 በመቶ ያድጋል። በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር የሚበር መኪና በየሰከንዱ 22 ሜትር ይጓዛል። ሾፌሩ የስልክ መልእክት ለማየት 3 ሰከንድ ካጎነበሰ 66 ሜትር ሳያይ ነድቷል።

ተሳፋሪውም ተባባሪ ነው፤ ይህ መነገር አለበት። ሚኒባሱ ትርፍ ጭኖ ትራፊክ ፖሊስ ሲታይ ረዳቱ «ዝቅ በሉ!» ይላል፣ ሁሉም ጎንበስ ይላል። ከፊት የሚመጣው ሾፌርም ፖሊስ መኖሩን መብራት አብርቶ አጥፍቶ ይጠቁማል። ይህ ሁሉ ትብብር የሚያድነው የቅጣቱን ብር ብቻ ነው።

ሌላም አለ። የጭነት መኪና ሲበላሽ ረዳቱ አንጸባራቂ ምልክት በማስቀመጥ ፈንታ ድንጋይና ቅጠል ይደረድራል። መኪናው ተጠግኖ ሲሄድ ድንጋዩ እዚያው ይቀራል። ማታ ለሚመጣው ሾፌር፣ በተለይም ለሞተረኛው፣ ያ ድንጋይ ራሱን የቻለ አደጋ ነው። ለማንሳት የሚፈጀው ግን ጥቂት ደቂቃ ነው።

ከአደጋው በኋላ ያለው ሰዓትም ሰው ይገድላል። ሻምበል አበበ ቢቂላ መጋቢት 13 ቀን 1961 ዓ.ም ማታ ሸኖ አካባቢ ቮልስዋገን መኪናው ተገልብጦበት እስከ ንጋት ድረስ ውስጡ ተይዞ አደረ። ሮም ላይ በባዶ እግሩ ያሸነፈው ጀግና እንግሊዝ፣ ስቶክ ማንዴቪል ሆስፒታል ድረስ ሄዶ ቢታከምም ዳግም በእግሩ አልቆመም። ዛሬ ስልክ በየኪሱ አለ። የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907፣ ፖሊስ 991 ነው። በአዋጅ ቁጥር 799/2005 መሠረት በተሽከርካሪ የተጎዳ ሰው አስቸኳይ ሕክምና የማግኘት መብት አለው፤ ገጭቶ ባመለጠ መኪና ለተጎዳ ሰውም የመድን ፈንድ ተቋቁሟል። ስለዚህ «ማን ይከፍላል?» በሚል ክርክር የቆሰለን ሰው በር ላይ ማቆየት አይገባም።

ለመዝናናት የወጣ ሰው አስፋልቱን በሰላም ቢያልፍም ውኃው ይጠብቀዋል። የቢሾፍቱ ሐይቆች በእሳተ ገሞራ ፍንዳታ በተፈጠሩ ጉድጓዶች ውስጥ የተኙ ናቸው። ቢሾፍቱ ሐይቅ 87 ሜትር ያህል ይጠልቃል፣ ዳርቻውም በድንገት ነው የሚዘቅጠው። ቁርጭምጭሚት ላይ የነበረው ውኃ ጥቂት ርምጃ ሲጨመር ከቁመት ያልፋል። ቢራ ጠጥቶ ዋና ሳይችል የገባን ወጣት ለማዳን እንደዚያው ዋና የማይችል ጓደኛው ተከትሎት ይገባል፣ ኀዘኑም እጥፍ ይሆናል። ጀልባ ላይ የሚወጣ ሰው የሕይወት አድን ጃኬት ካልተሰጠው ወርዶ ሌላ ጀልባ ይፈልግ። ገመድ ወይም ባዶ ጀሪካን ከዳር ሆኖ መወርወር ዘሎ ከመግባት ይሻላል።

መንግሥት መንገዱን ያስተካክል፣ ፖሊስ ሰው የጫነ አይሱዙን ያስቁም፤ ይህ ከእነሱ የሚጠበቅ ነው። ደጋሹ ግን የእነሱን ሥራ መጠበቅ የለበትም። ለሠርግ ሲዘጋጅ ድንኳኑ፣ በሬው፣ ጠጁ ከወራት በፊት ይታሰባል፤ ሠርገኛው በምን ይሄዳል የሚለው ጥያቄ የሚነሳው ዋዜማ ላይ ነው። ዘንድሮ ሠርግ ያለባችሁ፣ ዕድርና ማኅበር የምትመሩ፣ የንግሥ ጉዞ የምታስተባብሩ ሁሉ፦ የአውቶቡሱን ኪራይ ከበሬው ግዢ በፊት ጨርሱ። ገንዘቡ ካልበቃ በሬውን ቀንሱ።