የድሬ ውሃ ነው ወይስ የድሬ ሙቀት? የኩላሊት ጠጠር እንዴት ይፈጠራል?

በዚህ ሙቀት ውሃ እየጠጣችሁ ነው? ለወግ ያህል አይደለም የጠየቅኳችሁ፤ የዛሬው ጽሑፍ በሙሉ ስለዚህ ነው።

በቅርቡ አንድ የባጃጅ ሹፌር በሌሊት ሰው ደግፎት መጣ። ዕድሜው 35 ቢሆን ነው። ቀኝ ጎኑን ይዞ አንዴ ይቀመጣል፣ አንዴ ይነሳል፣ አልጋ ላይ ሲያስተኙት ይገለባበጣል። ጠጠር የያዘው ሰው እንዲህ ነው፤ አርፎ መተኛት አይችልም። ማስታገሻ ሰጠነው፣ አልትራሳውንድ ተነሳ፣ ጠጠር ሆኖ ተገኘ። ሕመሙ ጋብ ሲልለት "በቀን ምን ያህል ውሃ ትጠጣለህ?" አልኩት።

"አቦ ዶክተር፣ የቧንቧ ውሃ ካቆምኩ ቆየሁ እኮ! አምናም ጠጠር ነው ተብዬ ነበር። የድሬ ውሃ ነው የሚያመጣው አሉኝ፣ ተውኩት። የታሸገውን በየቀኑ ለመግዛት ኪሴ አይችልም። ሲጠማኝ አንድ ለስላሳ እጠጣለሁ፣ በቃ።"

ወተትም አቁሟል። "ካልሲየም አለው ስላሉኝ" አለ።

እዚህ ላይ ትንሽ አፈርኩ። ምክንያቱም ኢንተርን እያለሁ እኔም ለታካሚዎች "ወተት ቀንሱ" ብዬ አውቃለሁ። ሲባል ሰምቼ ነበር የምለው። ቆይቶ ጥናቶቹን ቁጭ ብዬ ሳነብ ነው ምክሩ ስህተት መሆኑን ያወቅኩት። ስለዚህ ዛሬ ከመሠረቱ እንጀምር።

ጠጠሩ ከየት ይመጣል?

"ጠጠር" የሚለው ስም ራሱ ያሳስታል። ብዙ ሰው ከምስር ወይም ከጤፍ ጋር የተዋጠ ጠጠር ኩላሊት ውስጥ የተጠራቀመ ይመስለዋል። አይደለም! የምንውጠው ነገር በጨጓራና በአንጀት አልፎ በሰገራ ይወጣል። ወደ ኩላሊት የሚሄደው ደም ብቻ ነው። የምስር ጠጠር ጥርስ ይሰብር ይሆናል እንጂ ኩላሊት አይደርስም።

የኩላሊት ጠጠር እዚያው ኩላሊት ውስጥ፣ ከሽንት የሚሠራ ነገር ነው። እንዴት? ሻይ አስቡ። አንድ ብርጭቆ ሻይ ላይ አንድ ማንኪያ ስኳር ብትጨምሩ ይሟሟል። ትንሽ ስኒ ላይ አሥር ማንኪያ ብትጨምሩስ? ከታች ይዘቅጣል። ሽንታችንም ካልሲየም፣ ኦክሳሌትና ዩሪክ አሲድ የሚባሉ ነገሮችን ይዞ ይወጣል። ውሃው በቂ ሲሆን ሟምተው ይሄዳሉ። ውሃው ሲያንስ ግን እርስ በርስ ተያይዘው ደቃቅ ክሪስታል ይሆናሉ፣ ክሪስታሉ እያደገ ጠጠር ይሆናል።

ከ100 ጠጠሮች ውስጥ 80 ያህሉ የካልሲየም ናቸው፤ አብዛኞቹም ካልሲየም ከኦክሳሌት ጋር ተጣምሮ የሠራቸው። የቀሩት ከዩሪክ አሲድ፣ ከተደጋጋሚ የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን፣ አልፎ አልፎም በዘር ከሚወረስ ችግር ይመጣሉ። ቤተሰቡ ውስጥ ጠጠር ያለበት ሰው፣ ስኳር፣ ሪህ ወይም ከመጠን ያለፈ ውፍረት ያለበት ሰው ደግሞ ይበልጥ ይጋለጣል።

ታዲያ የድሬ ውሃስ?

ውሃችን በኖራ ድንጋይ መሃል አልፎ ከጉድጓድ የሚወጣ ስለሆነ ካልሲየም ይበዛበታል፤ ይህ እውነት ነው። የሻይ በራዳችሁ ውስጥ የሚጋገረው ነጭ ቅርፊት ምስክር ነው። ሰውም በራዱን አይቶ "ኩላሊቴም እንደዚህ ሆኗል" ይላል።

ግን የበራዱ ቅርፊት ካልሲየም ካርቦኔት ነው፤ የኩላሊቱ ጠጠር ግን በአብዛኛው ካልሲየም ኦክሳሌት ነው። የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ካልሲየም የበዛበት ውሃ በሽንት የሚወጣውን ካልሲየም በመጠኑ ሊጨምር ይችላል። በሌላ በኩል ከምግብ ጋር ስንወስደው እዚያው አንጀት ውስጥ ኦክሳሌቱን ይይዘውና አብረው በሰገራ ይወጣሉ፤ ኩላሊት የሚደርሰው ኦክሳሌት ይቀንሳል። እንዲህ ያለ ውሃ የሚጠጡና የማይጠጡ ሰዎችን ያወዳደሩ ጥናቶችም ጠጠሩ ላይ ግልጽ ልዩነት አላሳዩም። ውሃውን ፈርቶ አለመጠጣት ግን ያለጥርጥር ጠጠር ይጋብዛል።

ዋናው ጠላት ሙቀቱ ነው

ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር አካባቢ ናት፤ የዓመቱን አብዛኛውን ጊዜ ቀኑ 30 ዲግሪን ያልፋል። በ2014 (በአውሮፓ አቆጣጠር) የወጣ የአሜሪካ ጥናት በ5 ከተሞች የ60 ሺህ ያህል ታካሚዎችን መረጃ አይቶ፣ ቀኑ ሲሞቅ ከዚያ በኋላ ባሉት 20 ቀናት ውስጥ በጠጠር የሚታመም ሰው እንደሚጨምር አሳይቷል። ምክንያቱ ቀላል ነው፦ በላብ የወጣው ውሃ በሽንት አይወጣም። ሽንቱ ያንሳል፣ ይወፍራል።

ስለዚህ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ላይ ያሉ የባጃጅ ሹፌሮች፣ ተሸካሚዎች፣ የግንባታ ሠራተኞችና ምድጃ ፊት የሚውሉ ዳቦ ጋጋሪዎች ተጠንቀቁ። ገበያ ውለው "ሽንት ቤት የለም" በሚል እስከ ማታ የማይጠጡ እናቶችና እህቶችም እንዲሁ። ይሄ በጣም ያሳስበኛል። በርጫ ላይ ደግሞ ለስላሳውና ጨው የበዛበት ለውዝ አለ፤ ለስላሳ የሚያዘወትሩ ሰዎች በጠጠር የመያዝ ዕድላቸው ከፍ ያለ ነው፤ ለውዝም ኦክሳሌት ይበዛበታል።

ወተት ይቅር?

አይቅር። በ1993 የወጣ፣ ከ45 ሺህ በላይ ወንዶች የተሳተፉበት ጥናት፣ ከምግብ ብዙ ካልሲየም የሚያገኙት ሰዎች በጠጠር የመያዛቸው ዕድል ያነሰ መሆኑን አሳየ። በ2002 ደግሞ ጣሊያን ውስጥ ጠጠር የሚመላለስባቸውን 120 ወንዶች ለሁለት ከፍለው 5 ዓመት ተከታተሏቸው። ካልሲየም ከቀነሱት 60ዎቹ 23ቱን ጠጠሩ ተመልሶ ያዛቸው። ካልሲየሙን እንዳለ ትተው ጨውና ሥጋ ከቀነሱት 60ዎቹ ግን የተመለሰባቸው 12ቱ ብቻ ናቸው። ጨው ስናበዛ ኩላሊት ካልሲየሙንም አብሮ ወደ ሽንት ይለቀዋል። መቀነስ ያለበት ጨዉ ነው። የካልሲየም ኪኒን ግን ሐኪም ሳታማክሩ አትጀምሩ።

ምን እናድርግ?

1. ውሃ። ግቡ በቀን ከ2 እስከ 2.5 ሊትር ሽንት መሽናት ነው። በድሬ ሙቀት ለዚህ 3 ሊትር ያህል፣ ፀሐይ ላይ ለሚሠራ ከዚያም በላይ መጠጣት ያስፈልጋል። መለኪያችሁ የሽንታችሁ ቀለም ነው፦ ነጣ ያለ ከሆነ ጥሩ፣ እንደ ጠላ ከጠቆረ ጠጡ። የጣሊያን ሐኪሞች ለመጀመሪያ ጊዜ ጠጠር የያዛቸውን 199 ሰዎች 5 ዓመት ሲከታተሉ፣ ውሃ ካበዙት 12 በመቶው፣ ካላበዙት ደግሞ 27 በመቶው እንደገና ታመዋል። የቧንቧውን ውሃ ከጀርም ለመጠበቅ አፍልታችሁ ወይም በክሎሪን አክማችሁ ጠጡ።
2. ጨው ቀንሱ፣ ሥጋ አታብዙ።
3. ቆስጣ፣ ቀይ ስርና ለውዝ ኦክሳሌት ይበዛባቸዋል። ጠጠር ያለበት ሰው አያብዛቸው፤ ሲበላም ከአይብ ወይም ከእርጎ ጋር ቢሆን ይሻላል።
4. ውሃ ላይ ሎሚ ጨመቅ አድርጉ፣ ያለ ስኳር። ሎሚ ውስጥ ያለው ሲትሬት ክሪስታሉ እንዳይያያዝ ይረዳል።
5. "ቢራ ጠጠር ያወጣል" የሚለውን እርሱት። ለጊዜው ያሸናል፣ በኋላ ግን ሰውነትን ያደርቃል።

ማሳሰቢያ፦ የልብ ድካም ወይም የኩላሊት ድክመት ያለበት ሰው ውሃ ከማብዛቱ በፊት ሐኪሙን ይጠይቅ።

ከ5 ሚሊ ሜትር ያነሰ ጠጠር ብዙ ጊዜ በራሱ ይወጣል። ነገር ግን ከጎን ሕመሙ ጋር ትኩሳትና ብርድ ብርድ ካለ፣ ሽንት ከቆመ፣ ትውከቱ አላቆም ካለ፣ ታማሚዋ ነፍሰ ጡር ከሆነች ወይም ሰውየው ያለው ኩላሊት አንድ ብቻ ከሆነ፣ እስኪነጋ አትጠብቁ፤ ወዲያው ወደ ሆስፒታል!

ሹፌሩ ሊወጣ ሲል "እና ያንኑ የቧንቧ ውሃ ልጠጣ?" አለኝ፣ አሁንም አላመነኝም። "አዎ ወንድሜ። ባለ ሁለት ሊትር ላስቲክ ሞልተህ ባጃጅህ ውስጥ አስቀምጥ። ከሰዓት ደግመህ ሙላው" አልኩት።

እናንተም ጠጠር ፈርቶ ውሃ ያቆመ ሰው የምታውቁ ከሆነ ይህን አድርሱለት። ጥያቄ ካላችሁ ከታች ጻፉልኝ፣ እመልሳለሁ። አሁን ግን ስልኩን አስቀምጡና አንድ ብርጭቆ ውሃ ጠጡ። ጤና ይስጥልን!