ያውቁ ኖሯል? ኦቲዝም ባለበት አንጎል መገናኛው ይበዛል
ሕፃን ሲያድግ አንጎሉ በነርቭ ሴሎች መካከል የተትረፈረፉትን መገናኛዎች እየቀነሰ ይሄዳል፤ ገበሬ ጥቅጥቅ ብሎ የበቀለውን ማሽላ በሽልሻሎ እንደሚያሳሳው ማለት ነው። ኦቲዝም ሲኖር ግን ማሳሳቱ ይጓተታል። የኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2014 ባወጡት ጥናት፣ ከሟቾች በተወሰደ የአንጎል ናሙና ላይ መገናኛዎቹ እስከ ልጅነት ማብቂያ ኦቲዝም ባልነበረባቸው በግማሽ ገደማ ሲቀንሱ፣ ኦቲዝም በነበረባቸው የቀነሱት በ16 በመቶ ብቻ ነው።

መንስኤው በአብዛኛው በዘር ውስጥ ያለ ሲሆን ለውጡ ገና በማህፀን ይጀምራል። ክትባት አያመጣውም።

ምልክቱን ልጁ ሁለት ዓመት ሳይሞላው እንኳ ሊያዩት ይችላሉ፦ በስሙ ሲጠራ አለመዞር፣ የፈለገውን በጣት አለማሳየት፣ አንዱን እንቅስቃሴ መደጋገም። ለድምፅ የሚሰጠው ምላሽም ሊለይ ይችላል። በሸዋ ሮቢት አስፋልት የሚያልፍ ከባድ መኪና ጥሩምባውን ሲነፋ ሌላው ልጅ ቀና ብሎ አይቶ ጨዋታውን ይቀጥላል፤ ኦቲዝም ያለበት ግን ጆሮውን በሁለት እጁ ይዞ ሊጮህ ይችላል። ቅብጠት አይደለም፤ አንጎሉ ድምፁን የሚቀበልበት መንገድ ነው።

በአገራችን የመጀመሪያውን የኦቲዝም ማዕከል፣ ጆይን፣ እ.ኤ.አ. በ2002 አዲስ አበባ ላይ የከፈቱት ኦቲዝም ያለበት ልጅ እናት የነበሩት ዘሚ የኑስ ናቸው። «አቡጊዳ ፎነቲክስ» የተባለውን የንግግር ማስተማሪያ ዘዴም የቀረፁት እሳቸው ናቸው።