አምቡላንስ እስኪደርስ

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ጎረቤታችን ጣራ ሲጠግን ወደቀ። ጩኸት ሰምተን የሮጥነው ሁሉ አንዳችን እጁን፣ አንዳችን እግሩን ይዘን ከታክሲ አስገባነው፤ ራሱን ግን የደገፈለት አልነበረም። እጁን ከያዙት አንዱ እኔ ነበርሁ። ሰውየው በእግዚአብሔር ቸርነት ከሞት ተረፈ፤ እግሮቹ ግን ከዚያን ቀን ወዲህ አልታዘዙለትም። የጎዳው አወዳደቁ ይሁን ወይም አነሣሣችን፣ የሚያውቅ የለም።

ይህን ነገር በኋላ በትምህርት ቤታችን የመጀመሪያ ርዳታ ሊያስተምር ለመጣ አንድ የአምቡላንስ ባለሙያ ነገርሁት። እርሱም አልወቀሰኝም፤ ነገር ግን አንዱን ተማሪ መሬት ላይ አስተኝቶ ሥራውን አሳየን። እኛ ሥራው በሽተኛን ፈጥኖ መጫን ይመስለን ነበር። እርሱ ግን አስቀድሞ ዙሪያውን ተመለከተ፤ የተበጠሰ የኤሌክትሪክ ሽቦ ወይም የሚከንፍ መኪና ቢኖር ረጂው ራሱ ሁለተኛ ቁስለኛ ይሆናልና። ቀጥሎ የልጁን ራስ በሁለት እጁ ይዞ እንዳይነቃነቅ አደረገ፤ በአንገት አጥንት ውስጥ የሚያልፈው ሕብለ ሰረሰር ከተቈረጠ ተመልሶ አይቀጠልምና። ትንፋሹን አዳመጠ። ደም በብዛት ሲፈስ ብናይም በንጹሕ ጨርቅ፣ ከታጣም በነጠላችን፣ ቁስሉን አጥብቀን ሳንለቅ እንድንጫን አስተማረን። ጨርቁ ቢርስ ሌላ ይደረብበታል እንጂ እየገለጡ ማየት አይገባም።

አባቶቻችን በሽተኛን በቃሬዛ አጋድመው ሲወስዱ ከእኛ ይልቅ ጠንቃቆች እንደ ነበሩ ያን ጊዜ ተገነዘብሁ።

ጥንቃቄ የማያድንበት ጊዜም አለ። በጣልያን ወረራ ዘመን የእንግሊዝን የአምቡላንስ ጓድ ይመራ የነበረው ዶክተር ጆን ሜሊ፣ በሚያዝያ 1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ በዝርፊያ በታወከችበት ሰሞን ቁስለኛ ሲረዳ በጥይት ተመታ፤ ከሁለት ቀን በኋላም ሞተ። በእኛ ዘመን ደግሞ የማደንዘዣ ባለሙያው አቶ ክብረት አበበ ቤታቸውን ሸጠው አምቡላንስ ገዙ፤ ጠብታ አምቡላንስንም በ2008 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር አቋቋሙ። ቤቱን ሸጦ ለማያውቀው በሽተኛ መኪና የሚገዛ ስንት ሰው ይገኛል?

ስለ ቤታችን ልማድም አንድ ነገር ልናገር፤ ከቤተ ክርስቲያን ያደግሁ ነኝና አንባቢ አይቀየመኝም። ራሱን ለሳተ ሰው ውኃም ሆነ ወተት፣ ጠበልም ቢሆን፣ በአፉ አይፈስስለት። መዋጥ ስለማይችል ወደ አየር ቧንቧው ገብቶ ያፍነዋል። ጠበሉ ይረጭለት፣ ይጸለይለት፤ አፉ ግን ይተው።

በአዲስ አበባ የቀይ መስቀል አምቡላንስ በ907 ይጠራል። ስትደውሉ ከልቅሶው በፊት ቦታውን ተናገሩ፤ የቤት ቍጥር ብዙ አይረዳምና በአቅራቢያችሁ ያለውን ቤተ ክርስቲያን ወይም ትምህርት ቤት ጥቀሱ። የሚጠይቋችሁን ሳትመልሱ ስልኩን አትዝጉ። ከልጆቻችሁም አንዱ ነጠላ ይዞ ከዋናው መንገድ ዳር ይቁም፤ ሾፌሩ ሲመጣ ያውለብልብለት።