ያውቁ ኖሯል? «መልስ» እና የጋምቤላ መሬት

ሱቅ ውስጥ መልስ የሚተርፈን ገንዘብ ነው፤ ከሠርግ በኋላ ደግሞ የሙሽራዋ ቤተሰብ ሙሽሮቹን የሚቀበልበት ድግስ። ግዕዙ ለመመለስ «ሜጠ» ይላል። ቤተ ክርስቲያን ኅዳር 6 ቀን የምታከብረው የቅድስት ቤተሰብ ከግብፅ መመለስ «ሚጠት» የተባለውም ከዚሁ ነው። «ቀለበሰ» ግን ሌላ ነው። እጅጌ ይቀለበሳል፣ ውሳኔም ይቀለበሳል፤ የተቀለበሰ ነገር ፊቱ ይገለበጣል እንጂ ወደ ባለቤቱ አይሄድም።

ልዩነቱን ጋምቤላ ላይ ማየት ይቻላል። ዳግማዊ ምኒልክ በ1902 እ.ኤ.አ. ከብሪታንያ ጋር በተፈራረሙት ውል፣ ኢታንግ አጠገብ በባሮ ዳር ከ2,000 ሜትር ያልበለጠ ርዝመትና ከ400 ሄክታር ያልበለጠ ስፋት ያለው ቦታ ለሱዳን መንግሥት የንግድ ጣቢያ እንዲሆን ተከራየ። የኪራዩ ዘመን በዓመት አልተቆጠረም፤ ሱዳን በእንግሊዝና በግብፅ አስተዳደር ሥር እስካለች ድረስ ነበር። ጣቢያው የቆመው ዛሬ ጋምቤላ ከተማ ባለችበት ነው። የሱዳን መርከቦች ባሮ በሚሞላበት ክረምት ከናስር ሽቅብ፣ የዛሬዋን ማታር አካባቢ አልፈው እየመጡ የኢትዮጵያን ቡና ጭነው ይወርዱ ነበር።

ሱዳን ጥር 1 ቀን 1956 እ.ኤ.አ. ነፃ ስትወጣ የውሉ ቅድመ ሁኔታ ፈረሰ፤ ቦታውም በዚያው ዓመት ወደ ኢትዮጵያ አስተዳደር ተመለሰ። ውል ቀልባሽ አልነበረም፤ መመለሱ ከመጀመሪያው በውሉ ውስጥ ተጽፎ ነበር።