ከአንድ ረከቦት ላይ ሁለት ሸክላ

በየቤታችን ካሉት ዕቃዎች ሁሉ እንደ ሸክላ የተናቀ፣ እንደ ሸክላም ብዙ የሚያስተምር ጥቂት ነው። ይህን እንድንል ያደረገን በቅርቡ በክረምት የዕረፍት ጊዜያችን ዘመድ ለመጠየቅ ወደ ጁባ ሄደን ከአንዲት ቡና አፍይ ወገናችን ዘንድ ያየነው ነገር ነው።

ከ1997 ዓ.ም. የሰላም ስምምነት ወዲህ፣ ይልቁንም ደቡብ ሱዳን ሐምሌ 2 ቀን 2003 ዓ.ም. ነጻነቷን ካወጀች በኋላ፣ ብዙ ኢትዮጵያውያን በጁባ ሆቴል፣ ምግብ ቤትና ሱቅ ከፍተው ሠርተዋል። እኚያ እናት ግን ያላቸው አንድ የዛፍ ጥላ፣ አንድ የከሰል ምድጃና አንድ ረከቦት ነው። ከረከቦቱ ላይ ነጫጭ ሲኒዎች ተደርድረዋል። ከጎኑ ጥቁር ጀበና በማቶቱ ላይ ተቀምጧል። ራቅ ብሎ ደግሞ የአገሩ ሰው ዚር የሚለው ትልቅ የውሃ ጋን ቆሟል። ሴትዮዋ ጀበናውን ሲያነሡም ሲያስቀምጡም እንደ ሕፃን ይጠነቀቁለታል።

«ሲኒው ቢሰበር ከኮኞ ኮኞ ገበያ በደርዘን እገዛለሁ ልጄ። የዚህ አገር ጀበናም አለ። እኔ የለመድኩት ግን ከተሰበረ ከአገር ቤት ሰው እስኪመጣ መጠበቅ ነው» አሉን።

ይህ አነጋገር ከራሳችን ክፍል ውስጥ የሆነውን አስታወሰን። በምናስተምርበት የመምህራን ማሠልጠኛ ለሳይንስ ትምህርት ማሳያ የሚሆን ጀበና ማን ያመጣል ብለን ጠይቀን ነበር። ከኋላ የተቀመጡ ሠልጣኞች ወደ አንዲት ልጅ እያመለከቱ ሳቁ። ልጅቱ አንገቷን ደፋች። እኛም ነገሩ ሳይገባን ቀርቶ ሳይሆን፣ ሰዓቱ እንዳይባክን ብለን ዝም ብለን አለፍነው። በኋላ መዝገቧን ስንመለከት በወላጅ ሥራ መሙያው ቦታ «ንግድ» ብላ ጽፋለች። እናቷ ሸክላ ሠሪ ናቸው። እንግዲህ ስለ ሸክላ ለመጻፍ የተነሣነው ያን ዝምታ ለማረም ጭምር ነው።

ለመሆኑ በአንድ ረከቦት ዙሪያ የተቀመጡት ጀበናና ሲኒ ልዩነታቸው ምንድን ነው? ሁለቱም ሸክላ ናቸው፤ የለያቸው አፈሩና እሳቱ ነው። የሸክላ አፈር በአብዛኛው አሉሚኒየም፣ ሲሊከን፣ ኦክስጅንና ውሃ የተዋሐዱበት ማዕድን ነው። በፀሐይ ሲደርቅ በቅንጣቶቹ መካከል ያለውን ውሃ ብቻ ስለሚለቅ፣ ተመልሶ ቢነከር እንደገና ጭቃ ይሆናል። ሙቀቱ ከ500 እስከ 600 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ሲደርስ ግን በማዕድኑ ውስጥ በኬሚካል የታሰረው ውሃ ሳይቀር ይወጣል። ከዚህ በኋላ መመለስ የለም፤ ጭቃው ሸክላ ሆኗል። እናቶቻችን በሜዳ ላይ በእንጨት፣ በገለባና በኩበት የሚያነዱት እሳት ከ600 እስከ 900 ዲግሪ ያህል ስለሚደርስ ለዚህ ይበቃል።

ሲኒ የሚሠራው ግን ካኦሊን ከሚባል ነጭ አፈር ከሌሎች ማዕድናት ጋር ተቀላቅሎ ነው፤ የሚተኮሰውም በእቶን ውስጥ ከ1250 እስከ 1400 ዲግሪ በሚደርስ ሙቀት ነው። በዚህ ሙቀት የአፈሩ ከፊል ቀልጦ እንደ ብርጭቆ ይሆንና ቀዳዳዎቹን ይደፍናል። ስለዚህ ሲኒ ውሃ አይመጥም፤ ሲነኩትም ይጮኻል። ጥበቡ የቻይናውያን ነው። አውሮፓውያን ምሥጢሩን አግኝተው በጀርመን አገር በማይሰን ፋብሪካ ያቋቋሙት እ.ኤ.አ. በ1710 ነው። «ሲኒ» የሚለው ቃል ራሱ በዐረብኛ «የቻይና» ማለት ስለሆነ፣ ዕቃው የትውልድ አገሩን በስሙ ተሸክሞ ይዞራል።

ከዚህ ላይ አንድ ሰው «እንግዲያው ሲኒው የበለጠ፣ ጀበናው ያነሰ ጥበብ ነው» ሊል ይችላል። ይህ ስሕተት ነው። ሲኒውን ከከሰል ፍም ላይ ብናስቀምጠው ይሰነጠቃል። አካሉ ጥቅጥቅ ያለ ስለሆነ አንድ ጊዜ የጀመረ ስንጥቅ የሚያቆመው የለም። የጀበናው አካል ግን በጥቃቅን ቀዳዳዎችና በሻካራ ቅንጣቶች የተሞላ ነው። በእሳቱ ኃይል የተፈጠረች ትንሽ ስንጥቅ ከአንዱ ቀዳዳ ወይም ቅንጣት ስትደርስ ትቆማለች። ጀበናው በየቀኑ ከእሳት ላይ ወጥቶ ወርዶ ብዙ ጊዜ የሚኖረው በዚህ ምክንያት ነው። አዲስ ጀበና ሲገዛ መጀመሪያ የሚሟሸውም ቀዳዳዎቹ እንዲጠግቡና የአፈሩ ጠረን እንዲለቅ ነው። ምጣድም በጎመን ዘር ታሽቶ ሲሟሽ ዘይቱ ገጽታውን ስለሚያለሰልሰው እንጀራው አይጣበቅም።

ቅርጹንም ልብ ብለን እንመልከት። ሆዱ ድቡልቡል የሆነው እሳቱ እኩል እንዲዳረስና ሙቀት የሚያስጨንቀው ማዕዘን እንዳይኖር ነው። አንገቱ ቀጭን መሆኑ እንፋሎቱንና ጠረኑን ይቆጥባል፤ ቡናው ሊገነፍል ሲል አረፋው በአንገቱ ወደ ላይ እየወጣ ያስጠነቅቃል። ከእሳት ወርዶ በማቶቱ ላይ ዘንበል ብሎ ሲቀመጥ አተላው በሆዱ ውስጥ ይሰክናል። ሲቀዳም አንገቱ አተላውን ወደ ኋላ ይይዘዋል። በሥነ ጥበብ ትምህርት «መልክና አገልግሎት የተስማሙበት ንድፍ» ስንል ከዚህ የተሻለ ምሳሌ ከሩቅ መፈለግ አያሻንም።

ከጎናቸው የቆመው የጁባው ዚር ደግሞ ሌላ የፊዚክስ ትምህርት ነው። በጁባ በየካቲትና በመጋቢት የቀኑ ሙቀት 37 ዲግሪ ያህል ይደርሳል። በዚሩ ውስጥ ያለው ውሃ በቀዳዳዎቹ በኩል ወደ ውጭ እየረጠበ ይተናል። አንድ ግራም ውሃ ሲተን 580 ካሎሪ ያህል ሙቀት ከዕቃውና ከቀረው ውሃ ይወስዳል። ስለዚህ 10 ግራም ውሃ ቢተን፣ ሙቀቱ ሁሉ ከውሃው ብቻ የተወሰደ እንደሆነ፣ አንድ ሊትር ውሃ ወደ 6 ዲግሪ ሊቀዘቅዝ ይችላል። እዚህ ላይ የሸክላው «ጉድለት» የሚመስለው ቀዳዳ ዋናው ሙያው ነው። ሲኒ በሚሠራበት አፈር ዚር ቢሠራ ውሃው አይቀዘቅዝም ነበር።

ይህን ሁሉ ዕውቀት በእጃቸው የያዙት፣ ያለ ማሽከርከሪያ ጭቃውን በጣታቸው እየገነቡ፣ በለስላሳ ድንጋይ እያሹ የሚሠሩት ሴቶች ናቸው። በአዲስ አበባ ቀጨኔ፣ በጎንደር አጠገብ በወለቃ፣ በደቡቡም ክፍል በጋሞና በአሪ አገር ይህ ሙያ ከእናት ወደ ልጅ ሲተላለፍ ኖሯል። በወለቃ ከሠሪዎቹ የሚበዙት ቤተ እስራኤላውያን ነበሩ፤ በ1977 እና በ1983 ዓ.ም. በተደረጉት ጉዞዎች ብዙዎቹ ወደ እስራኤል ሄደዋል። ይሁን እንጂ ኅብረተሰባችን ዕቃውን እየፈለገ ሠሪዋን «ቡዳ» እያለ ሲያገላት ኖረ። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛ በሙያው እንዳይሰደብ በአዋጅ ከልክለዋል። አዋጁ ከወጣ ከመቶ ዓመት በላይ ቢሆነውም ሳቁ ከክፍላችን አልጠፋም።

ንቀቱ ከሸክላው ሳይሆን ከተመልካቹ መሆኑን ለማወቅ ወደ ሌላ የአፍሪካ አገር መመልከት ይጠቅማል። በናይጄሪያ ኳሊ በምትባል መንደር እ.ኤ.አ. በ1925 ገደማ የተወለደችው ላዲ ኳሊ እንደኛ እናቶች በእጇ የውሃ እንስራ ትሠራ ነበር። ዕቃዋን የወደደው እንግሊዛዊው ሸክላ ሠሪ ማይክል ካርዲው በቀድሞዋ አቡጃ፣ በዛሬዋ ሱሌጃ፣ በከፈተው ማሠልጠኛ እ.ኤ.አ. በ1954 ገባች። በዚያም ብርጭቆ መሰል ልባስንና የከፍተኛ ሙቀት እቶንን ተማረች፤ የመንደሯን የአሠራር ዘዴና እንሽላሊት የመሳሰሉትን ጌጦች ግን አልተወችም። ሥራዋ በሙዚየም ተቀመጠ። እ.ኤ.አ. በ1977 የአሕመዱ ቤሎ ዩኒቨርሲቲ የክብር ዶክትሬት ሰጣት። ምስሏም ከናይጄሪያ ባለ 20 ናይራ ገንዘብ ጀርባ ላይ ታትሟል። ናይሮቢ የተወለደችው ማግደሊን ኦዱንዶም በዚያው ማሠልጠኛ ተምራ፣ ዛሬ በእጇ እየገነባች በምታሳምራቸው ሸክላዎች በዓለም የታወቀች ናት።

ውድ የሙያ ባልደረቦቻችን፣ ከጁባ ከተመለስን በኋላ ጀበናና ሲኒ ራሳችን ገዝተን ክፍል ይዘን ገባን። አስቀድመን ባለፈው ስለ ሳቁና ስለ ዝምታችን ተናገርን፤ ይቅርታም ጠየቅን። ከዚያ ከላይ የጻፍነውን ስናስረዳ «ጀበናው እንዳይሰነጠቅ አሸዋ ይጨመርበታል» አልን። ያቺ ልጅ እጇን አወጣች።

«መምህር፣ በኛ ቤት አሸዋ አይደለም። እናቴ የምትጨምረው የተሰበረ ሸክላ ወቅጣ፣ ገሉን ነፍታ ነው። አሮጌው እሳት ስለሚያውቅ አዲሱን ይይዘዋል ትላለች።»

ክፍሉ ጸጥ አለ፤ የሳቀም አልነበረም። አንዴ የተተኮሰ ሸክላ እንደገና ሲተኮስ እንደ ጥሬ ጭቃ ስለማይኮማተር፣ የእናቲቱ አባባል ሳይንሱን በትክክል ይገልጸዋል። እኛም ቃሉን በሰሌዳው ላይ ጻፍነው።

ስለዚህ የምናሳስበው ቀላል ነገር ነው። በኬሚስትሪ ስለ ውህዶች፣ በፊዚክስ ስለ ትነት፣ በሥነ ጥበብ ስለ ንድፍ ስታስተምሩ ጀበናን፣ ምጣድንና እንስራን ወደ ክፍል አግቡ። የሚቻል ከሆነ ሠሪዋን እናት ጋብዛችሁ በመምህር ወንበር ላይ አስቀምጧት። ተማሪ ሲስቅ ደግሞ እንደኛ ሰዓት ይባክናል ብላችሁ አትለፉ። በጁባ ያገኘናቸው እናት ጀበናቸውን እንደ ሕፃን የሚያቅፉት ሠሪዋ በሌለችበት አገር ስለሚኖሩ ነው። እኛ ግን ልጆቿን በየክፍላችን አስቀምጠን እናስተምራለን።